ማኅተም የሌለው አይቀመጥም

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ነገ ተነሥታችሁ «እኔ እኮ እዚያ አጎት አለኝ» ማለታችሁ አይቀርም፤ ከዚያ ጣጣው ለኔ ነው። በቃ አንድ አገር ነበር በሉ። ተራራ ነበረው፣ ወንዝ ነበረው፣ ንጉሥ ነበረው። ንጉሥ ስለነበረው ሕግም ነበረው፣ ያውም የተትረፈረፈ።

ከሕጉ ሁሉ የሚያስገርመው የመቀመጥ ሕግ ነው። በዚያ አገር ሰው፣ ቦታው የራሱ መሆኑ በማኅተም ካልተረጋገጠለት አይቀመጥም። ቆሞ መዋል ይችላል፣ መሄድ ይችላል፣ መሮጥም ካማረው ማንም አይከለክለውም፤ መቀመጫውን መሬት ማስነካት ግን አይችልም። መነሻው እንዲህ ነው ይላሉ። አንድ የጥንት ንጉሥ ከዘመቻ ቢመለስ ወንድሙን ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ወንድምየው «ብርድ እንዳይገባው ላሙቅልህ ብዬ ነው» አለ። ንጉሡ ከት ብሎ ሳቀ፣ ወንድሙን ሰቀለ፣ ሕጉን አወጀ።

ሕጉ መጀመሪያ ላይ ክፉ አልነበረም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ጉልበተኛ መጥቶ የደካማ ደጅ ላይ ዘፍ እንዳይል ይከለክል ነበር። ሰው መሬት ሲወርስ፣ ቤት ሲገዛ፣ ሲሸጥ፣ ሲለውጥ አረጋጋጩ ዘንድ ይሄዳል። አረጋጋጩ ማኅተሙን ያኖርለታል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ እፎይ ብሎ ይቀመጣል።

አረጋጋጭ ዳኛ አይደለም፤ አይፈርድም። ጠበቃም አይደለም፤ ለማንም ወግኖ አይሟገትም። ሥራው ማየትና መስማት፣ ያየውንና የሰማውን ብቻ ማተም ነው። ከማተሙ በፊት ፊቱ የቀረበውን ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንተ ራስህ ነህ ወይ? የምታደርገውን ታውቃለህ ወይ? ወደህ ነው ወይ? ለሦስቱም አዎ ከተባለ ያትማል። አንዱ ከጎደለ የመጣው ሰው ልዑልም ቢሆን አያትምም። ሕጉ እንዲህ ይላል። መቼም ሕግ ብዙ ይላል።

እኔ የምነግራችሁ አረጋጋጭ ስንሻው ይባላል፤ ሰው አያ ስንሻው ይለዋል። ቀጭን፣ ቁንጥንጥ፣ ቀልብ የሌለው ሰው ነበር። ማኅተሙን በጠፍር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲሮጥ ደረቱን ይደበድበዋል። አገሩን ሁሉ ያስቀመጠ ሰው ራሱ ቁጭ ማለት አያውቅም። «ያቺ ትናንት ያተምኩላት ሴት ሦስተኛውን ስጠይቃት ለምን አቀረቀረች?» እያለ ግቢውን ሲዞር ይውላል። ሚስቱ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ባለማኅተም ነህ፣ ተቀመጥ!» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

እንግዲህ የኛ ንጉሥ፣ ይቅርታ የነሱ ንጉሥ፣ ከተራራው አናት ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት አሠራ። መስኮቱን ቢከፍት ከቁልቁለቱ ሥር አንድ መንደር ታየው። ጭስ ይታያል፣ የተሰጣ ልብስ ይታያል፣ አህያ ሲያናፋ ይሰማል። ንጉሡ መስኮቱን ዘጋና «ስከፍተው ሰው እንዳይታየኝ» አለ። ወዲያው የመስኮት አዛዥ የሚባል ሹመት ተፈጠረ። የተሾመው ክንፈ የሚሉት ሰው ነው፤ ጫማው አዲስ፣ ጠባብና የሚያብረቀርቅ።

ታዲያ መንደሩን በጉልበት ለምን አላስነሡትም ትሉ ይሆናል። ነውር ነዋ! የዚያ አገር ኩራቱ እኮ ይህ ነበር፤ በአገራችን ማንም በግድ ተነሥቶ አያውቅም እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ይናገራሉ። ስለዚህ አዛዥ ክንፈ ዘዴ ፈለገ። ማኅተም ሁሉ አርጅቷልና ይታደስ የሚል አዋጅ አስነገረ። አገሩ ተሰልፎ አሳደሰ። የዚያ መንደር ሰዎች ተራቸው ሲደርስ ግን «የናንተን ከማደሳችን በፊት አሮጌውን ቦታ ወዳችሁ መተዋችሁን አረጋግጡ፤ ከዚያ ቆላ ውስጥ ሰፊ መሬት እንሰጣችኋለን» ተባሉ። እምቢ አሉ። እምቢ ማለት ይቻላል፣ ማን ከለከለ? ብቻ ማኅተማቸው ስላልታደሰ ከቤታቸው ወጥተው መቆም ነበረባቸው።

ቆሙ። ከመንደሩ በላይ ባለችው ከተማ፣ ከአያ ስንሻው ደጅ ፊት ለፊት ያለው የገበያ ሜዳ በቆመ ሰው ተሞላ። ቆመው ይበላሉ፣ ቆመው ያጠባሉ፣ ጋቢ ለጋቢ ተቋጥረው ተደጋግፈው ያሸልባሉ። እግር ሲዝል ይሄዳሉ፤ ወዲያ ሄደው ወዲህ ይመለሳሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ሜዳው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። «መተኛትስ?» ተብሎ ሸንጎው ቢጠየቅ «መተኛት የመቀመጥ ታላቅ ወንድም ነው» ብሎ ከለከለ። ማኅተሙ ያልታደሰለትን ሰው ቤቱ ያስቀመጠ የራሱ ማኅተም ይሰረዝበታል ስለተባለ ደግሞ የከተማው ሰው በሩን ዘጋ። ደግ የሆነው በአጥሩ ላይ ውሃ ያቀብላል፤ ዓይን ለዓይን ግን አይገጥምም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብሎ ተገኘ። አበስኩ ገበርኩ! የመቀመጫ ተቆጣጣሪዎች፣ አዎ እንደዚህ የሚባሉም ነበሩ፣ በትራቸውን ከሥሩ አሾልከው «መሬት አልነካም» አሉ። ሌሎቹ «አካሉ ባይነካም ሐሳቡ ተቀምጧል» አሉ። ነገሩ ሸንጎ ገባ። ቁጢጥ ማለት መቆም ነው ወይስ መቀመጥ? ሸንጎው ለሁለት ተከፍሎ ካባ ለካባ ተያያዘ። ይህ ሳይለይለት ሌላ ጉዳይ አናይም ብለውም ማሉ። እስከዚያው ግን ቁጢጥ ያለ ሁሉ በግማሽ ይቀጣ ተባለ። በግማሽ እንዴት እንደሚቀጣ እኔም አልገባኝም።

ከቆሙት መካከል እትዬ ማንጠግቦሽ የሚሏት ሴት ነበረች። መንደሩን መጀመሪያ ያቀኑት የእሷ አያቶች ናቸው። ስለዚህ በመንደሩ ወግ እሷና ባሏ አዎ ካሉ መንደሩ ሁሉ አዎ እንዳለ ይቆጠራል። አፏ አይቻልም፤ ተቆጣጣሪዎቹን ስትሞልጫቸው የደከመ ሰው እንኳ ነቅቶ ይስቅ ነበር። ኋላ ግን ዝም አለች። ባሏ አያ ጓንጉል ታመመ። እግሩ አበጠ፣ ወገቡ አልታዘዝ አለው። ሁለት ጎረቤቶች በየብብቱ ገብተው ይዘውት ይቆማሉ፤ እነሱ ሲደክሙ ሌሎች ይተካሉ። ራሱ ወደ ፊት ወድቆ ይንጠለጠላል። እሷ አገጩን በመዳፏ ደግፋ ውሃ ታንቆረቁርለታለች።

አዛዥ ክንፈ አያ ስንሻው ግቢ ሰተት ብሎ ገባ።

«እንኳን ደስ ያለህ! ሴትዮዋ ተስማምታለች። ነገ ታትማለህ» አለው።

«ማን አስማማት?» አለ አያ ስንሻው፣ መዞሩን ሳያቆም።

«ራሷ ናት። ልብ አድርግ፣ ማንም እጁን አላሳረፈባትም።»

«ማረፍማ መች ተፈቀደ ጌታዬ?»

አዛዡ ፊቱን አጠቆረ። «ያንተ ሥራ መጠየቅ ነው። ወደሽ ነው ትላለህ፣ አዎ ትላለች፣ ዱብ ታደርጋለህ። ወደ ልቧ ገብተህ ዕቃ ፈትሽ ያለህ የለም።»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለ አያ ስንሻው። ይሄ ነው የጨነቀው። አዎ ካለች አዎ ብላለች። አረጋጋጭ የሰማውን ነው የሚያትመው።

በነጋው ሜዳው ላይ ሰው ግጥም ብሎ ቆመ። ተቆጣጣሪዎቹ በትራቸውን ይዘው ተደረደሩ። አዛዡ ጥቅልል ብራናውን ዘረጋ፤ «የመንደሩ ሰዎች ወደውና ፈቅደው ቦታቸውን ትተዋል» ይላል። እትዬ ማንጠግቦሽ ቀረበች። ባሏንም ተሸክመው ከጎኗ አቆሙት።

«አንቺ ራስሽ ማንጠግቦሽ ነሽ?» አለ አያ ስንሻው።

«ቤትህን ስትሠራ ጭቃ ያቦካሁልህ ማን ሆኜ ነው?»

«ሕጉ ጠይቅ ስለሚል ነው፣ እትዬ።»

«እኔው ነኝ።»

«የምታደርጊውን ታውቂያለሽ?»

«አሳምሬ ነዋ! ቤቴን፣ ማሳዬን፣ የእናት አባቴን መቃብር ትቼ ወባ ወዳለበት ቆላ ልወርድ ነው።»

«ወደሽ ነው?»

ባሏን ዞር ብላ አየችው። ዓይኑ ተከድኗል፤ ምራቁ ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል።

«ወድጄ ነው። አትም» አለች።

አያ ስንሻው ማኅተሙን አነሣ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ወደሽ ነው ወይ?»

«ወድጄ ነው አልኩህ እኮ! ጆሮህ ተደፈነ እንዴ?» ድምጿ ሜዳውን ሞላው። ከዚያ ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረችው። «ስማኝ ወንድሜ። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ጋደም ካላለ ይሞትብኛል። ቆላም ይሁን ገደል፣ የሚተኛበት ስጠኝ። እውነት እውነቱን ለሌላ ጊዜ አቆየው። በሞቴ አትምልኝ!»

«ካተምኩት እኮ የልጅ ልጆችሽ ሳይቀሩ ወዳ ነው የሄደችው እየተባሉ ይኖራሉ። ይህን የሚፍቅ የለም።»

«ይባሉ! አንተ ምን አለብህ? ቤት አለህ፣ ትቀመጣለህ። በኔ ባል ነው እንዴ ጨዋ የምትሆነው?»

ምን ይበላት? እውነቷን ነው። ካላተመ ሰውየው ቆሞ ይሞታል፤ ካተመ መንደሩ በገዛ አፉ ይጠፋል። አዛዡ በጫማው መሬቱን እየመታ «ዱብ አድርገው!» ይላል። የመንደሩ ሰው ደግሞ «አትም»ም «አታትም»ም አይለውም፤ ያየዋል ብቻ። አያ ስንሻው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፣ ድንገት ብራናውን እዚያው ጥሎ ወደ ቤቱ ሮጠ።

አሁን ስለ ቁርበቱ ልንገራችሁ። ቀድሞ ያልነገርኳችሁ ረስቼው አይደለም፤ አገሩ ራሱ ረስቶት ነበር። በድሮው ሥርዓት ሦስተኛው ጥያቄ የሚጠየቀው ተቀምጦ ነው። የቆመ ሰው ለመገላገል ሲል ይመልሳልና፣ አረጋጋጩ ቁርበት ያነጥፋል። ጠያቂም ተጠያቂም ይቀመጣሉ። ተጠያቂው እስኪመልስ ድረስ ያ ቁርበት የራሱ ነው፤ የሚያጣድፈውም የለም። ኋላ ሰዉ ቸኮለ፣ አረጋጋጮችም ቸኮሉ፣ ቁርበቱ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ወጣ። አያ ስንሻውም አንድ ቀን እንኳ አንጥፎት አያውቅም ነበር።

አቧራ ለብሶ፣ እያሳለ፣ ቁርበቱን እየጎተተ መጣ። ሜዳው መሐል ዘረጋው።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አለ አዛዥ ክንፈ።

«ሦስተኛውን የጠየቅሁት ከሥርዓት ውጭ ነው፤ አይቆጠርም። ተቀምጠው ይጠየቃሉ፣ ሁለቱም።»

«ያ ሕግ ካረጀ ስንት ዘመኑ!»

«አርጅቷል ጌታዬ። የሻረው ግን የለም።»

«እንሽረዋለና! አሁኑኑ ሸንጎው ይጠራና...»

«ሸንጎው» አለ ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ፣ እየፈራ እየተባ፣ «ገና ቁጢጥ ላይ ነው።»

ጎረቤቶቹ አዛዡ እስኪፈቅድ አልጠበቁም። አያ ጓንጉልን ቀስ አድርገው ቁርበቱ ላይ አስተኙት። ጀርባው መሬት ሲነካ እንዲህ ያለ የእፎይታ ድምፅ አወጣ፤ የቆመው ሰው ሁሉ አብሮት ተነፈሰ። ማንጠግቦሽ ከጎኑ ቁጭ አለች። እግሯን ዘረጋች። ከዚያ ሕዝብ ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ አንድ ዕንባ አልወጣትም ነበር። አያ ስንሻው ለቅሶዋ እስኪያልቅ ጠበቀና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ወደሽ ነው?»

የባሏን ያበጠ እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች። አዛዡ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል። ለሱ ቁርበቱ ላይ መቀመጫ ስለሌለው መቆም ነበረበት፤ ጠባቡ ጫማም መብላት ጀምሮታል። ፀሐይዋ ዘመም ስትል ማንጠግቦሽ ቀና አለች።

«አልወደድኩም» አለች። «ትናንትም አልወደድኩም። ቅድም ወድጄ ነው ብዬ ስጮህብህም አልወደድኩም ነበር። ቤቴ ነው። ምን ብዬ እወዳለሁ?»

ሜዳው እልል አለ። አዛዥ ክንፈ ግን ነቄ ነው። «መለሰች! ከመለሰች ትነሣ!» አለ፤ እንደገና ከቆመች አዎ ማለቷ አይቀርም ብሎ ነው። ማስነሣትም አላስፈለገው፤ ራሷ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ከዚያ አዛዡ ወደ በሽተኛው ጎንበስ አለ። «አንተስ? ወደህ ነው አይደል? ፈጥነህ መልስና ተነሣ!»

«ጠያቂው እኔ ነኝ» አለ አያ ስንሻው። ወደ ጓንጉል ጆሮ ጠጋ አለ። «አያ ጓንጉል፣ ወደህ ነው?»

በሽተኛው አንድ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የአዛዡን ጫማ አየ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ።

«ከባድ ጥያቄ ነው» አለ። «ላስብበት። እስከዚያ ልተኛ።»

ፊቱን አዙሮ ተኛ። ወዲያው አንኮራፋ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከተቆጣጣሪዎቹም ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩ ነበሩ። አዛዡ ደጋግሞ ቢጮኽ አያ ስንሻው «አይቸኮልም ጌታዬ፣ እያሰበ ነው» ይለዋል። አዛዡ መልሱን ሳይሰማ ጥሎ ቢሄድ ለንጉሡ ምን ይላል? ቆመ። እዚያው ከቆሙት ጋር ቆሞ አደረ።

ሲነጋ ማንኮራፋቱ አልተሰማም። ማንጠግቦሽ ግንባሩን ዳሰሰችው። ለረጅም ጊዜ እጇን አላነሣችም።

«ተኝቶ ነው የሞተው» አለች። «አያችሁ? ተኝቶ! እንደ ሰው ተኝቶ!» ይህንኑ እየደጋገመች ለሁሉም ነገረች።

አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነፍስ ይማር። ሬሳ አይመልስምና ጥያቄው ተዘግቷል። ቁርበቱ ይነሣ።»

«አልመለሰም» አለ አያ ስንሻው። «እኔ ጥያቄ የምዘጋው መልስ ስሰማ ነው። አልሰማሁም። ስለዚህ ቁርበቱ የሱ ነው፤ እሱ ወደሚሄድበት ይሄዳል።»

የመንደሩ ወንዶች የቁርበቱን ጠርዝ ጠርዝ ይዘው አነሡት። ተቆጣጣሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚጠየቅ ሰው አይነካም ይላል ሥርዓቱ፤ ስለ ሞተ ተጠያቂ የተጻፈ ነገር የለም። በትራቸውን ዝቅ አድርገው አሳለፏቸው። ሬሳውን አስቀድመው መንደሩ ሁሉ ቁልቁል ወረደ። ደጁን ሁሉ አረም ውጦታል። አያ ጓንጉልን ከጓሮው፣ ከማንጠግቦሽ እናትና አባት መቃብር አጠገብ ቀበሩት። አፈሩን መልሰው ካበቁ በኋላ ሁሉም እንደልማዱ ቆሞ ቀረ፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ጠፋው።

ማንጠግቦሽ ባዶው መሬት ላይ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ማንንም አላየችም፣ ማንንም አላስፈቀደችም። ባሏ የሞተባት ሴት ምን ታድርግ? ጎረቤቷ ተከትላ ተቀመጠች። ቀጥሎ ያ ቁጢጥ ብሎ የተያዘው ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ቀጥሎ መንደሩ በሙሉ። አያ ስንሻውም ማኅተሙን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። ያ ቁንጥንጥ ሰው ዝም ብሎ ተቀመጠ።

አዛዥ ክንፈ እያነከሰ ደረሰ።

«ተነሡ!» አለ። «በማን ማኅተም ነው የተቀመጣችሁት?»

ወደ አያ ስንሻው ዞረ። «አንተ! አረጋጋጭ አይደለህም? ንገራቸው እንጂ!»

«ባሏን ቀብራለች» አለ አያ ስንሻው። «ምን ብዬ ልንገራት?»

አዛዡ ከማንጠግቦሽ ፊት ሄዶ ቆመ። «ተነሺ!»

«አልነሣም» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እብጠት የወጠረውን እግሩን፣ ከዚያ ፊቱን አየችው። «ነገም ብትመጣ አልነሣም። ለቅሶ ልትደርስ ከሆነ የመጣኸው ግን ወንድሜ፣ ቦታ አለ፤ ቁጭ በል።»

አዛዡ በግራም በቀኝም ተቆጣጣሪዎቹን ፈለጋቸው። ከለቀስተኛው መሐል ገብተው፣ በትራቸውን ከጎናቸው አጋድመው፣ ተቀምጠዋል።